ከድብ ባሕር የሚላክ ስንዴ

ቁጡ ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሰልፍ ጥሶ የሚመጣ ሰው ካየሁ ከመድኃኒቱ በፊት ምክር ነው የምሰጠው። እኔ ምክር እለዋለሁ፣ አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ግን ስድብ ነው ትላለች። ስለዚህ በስልክ በምንጫወተው የጦርነት ጌም ላይ "ሕጉን አንቺ ጻፊው፣ ዳኛም አንቺ ሁኚ" ሲሉኝ የሚያውቀኝ ሰው ማንም አልገረመውም።

ጌሙ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ትንሽ ከተማ ይሰጠዋል። እርሻ ያርሳል፣ ጎተራ ይሠራል፣ ቅጥር ያጥራል፣ ወታደር ያሠለጥናል። ከዚያ ወይ የጎረቤቱን ጎተራ ይዘርፋል፣ ወይ የራሱ ይዘረፋል። ስልኩን ብትዘጉት ጌሙ አይቆምም፤ እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ እርሻው ያፈራል፣ ጠላትም ይመጣል። ከጎንደርና ከዙሪያዋ የተሰባሰብን ሰዎች በካርታው አንድ ጥግ ተጎራብተን ሰፍረናል። እርስ በርስ ስንዋጋ እንውልና ማታ በግሩፓችን ስንሳሳቅ እናመሻለን። አብዛኞቻችን በአካል አንተዋወቅም፤ አንዱ ሌላውን የሚጠራው በመጣበት አገር ወይም በሥራው ነው።

ጌሙ የራሱ ሕግ አለው፤ ግን ሕጉን ያወጡት ሰዎች ጎንደርን አያውቋትም። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ እንደሚሄድ፣ ሰውም ሻማ ፍለጋ ሲደናበር ከተማው ባዶዋን እንደምትቀር የት ያውቁታል? ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጋችን እሱ ሆነ፤ መብራት የጠፋበት ሰፈር ሰው አይነካም። ቀጥሎ ለቅሶ መጣ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ከተማ እስከ ሰልስት አይወጋም አልን። ይህችን ሕግ የማክሰኝቱ ከብት ነጋዴ ተጫወተባት። ወታደሮቹ ባለቁ ቁጥር ዘመድ ይሞትበታል። አያቱን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀብሮ ስንይዘው "አንዷ በእናቴ፣ አንዷ በአባቴ ናቸው" ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ በምስክር ሆነ። እሑድ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ዓርብ ጁምዓ እስኪሰገድ ጦር አይሰበቅም። የሰው እናት አይሰደብም።

ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስፈራው ግን በዲያቆኑ ቋንቋ ነው። ዲያቆኑ የግሩፓችን ሰብሳቢ ነው፤ አብነት ትምህርት ቤት ያደገ፣ አሁን ከከተማችን ደብሮች በአንዱ የሚያገለግል፣ በጾም ወቅት ዘረፋ የሚያቆም ሰው። እኔ "መብራት የጠፋበትን አትንኩ" ብዬ የላክሁለትን "ብርሃን የራቀውን ወንድሙን የደፈረ፣ እርሱ ከማኅበራችን የተለየ ይሁን" አድርጎ መለሰልኝ። ሰዉ ሲያነበው ቀጥ አለ።

ከሕጎቻችን ሁሉ የምኮራው በሁለቱ ነበር። አንድ ሰው ከአንድ ከተማ በላይ አይይዝም። አንዱ ከተማ ሌላውን አይቀልብም። እነዚህን ያወጣናቸው አንድ ተማሪ አምስት ከተማ ከፍቶ፣ የአራቱን እህል ለአንዷ እየገለበጠ፣ ሁላችንንም አስለቅሶ ስለነበር ነው። እህል መለዋወጥ ይቻላል፤ ግን የተቀበለ ሰው በሳምንቱ ልኩን መመለስ አለበት። የማይመልስ ከሆነ ሰጪውም ተቀባዩም ከማኅበሩ ይወጣሉ። ከማኅበሩ የወጣ ሰው ደግሞ መብራት ቢጠፋበት፣ ቢታመም፣ ቢያለቅስ ማንም እንደፈለገ ይዘርፈዋል። ዘብ መላክ ብቻ ነው ያለ ገደብ የተፈቀደው። ወታደሮችህን ወደ ሌላ ሰው ከተማ ልከህ እንዲጠብቁለት ማድረግ ትችላለህ፤ ግን ዘቦቹ የሚበሉት የባለቤቱን ስንዴ ስለሆነ እንኳን የሚለምን፣ የሚቀበልም የለም።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባቴ ድብ ባሕር ነው የሚኖሩት፤ ከደባርቅ አለፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንዴና ገብስ ሲያርሱ ኖሩ። እኔ ጎንደር ለትምህርት ከመጣሁበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሥራ ከያዝኩም በኋላ፣ በየጊዜው ከአውቶቡስ ጣራ ላይ የእኔ ጆንያ ይወርድ ነበር። "ደመወዝተኛ ነኝ እኮ፣ እዚህም ገበያ አለ" ብላቸው "የገበያ እህል ምን እህል ነው" ይሉኛል። እናቴ ካረፈች በኋላ እንኳ ጆንያው አልቀረም። የቀረው ጉልበታቸው ሲከዳቸው ነው። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጡ፤ የሚደርሳቸው ለራሳቸው ቢበቃ ነው። ጆንያው የቀረ ጊዜ ስልካችንም አጠረ። ድሮ "ጆንያው ደረሰ? አልረጠበም? ረዳቱ በደንብ አወረደው?" እያሉ ያወሩኝ ነበር። ከዚያ በኋላ "ደኅና ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ በይ" ብለው ይዘጉታል። የሚሉት ነገር አጥተው እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ለጥምቀት መጥተው ጉልበታቸው ባሰና እኔ ጋ ሰነበቱ። ለሚያውቁት ሁሉ ደውለው ጨረሱ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ተዋወቁ፣ የግቢውን በር ማጠፊያ ጠገኑ፣ ከዚያ ሥራ ፈቱ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"እርሻ ነው፣ አባየ።"

"ማን ያርሰዋል?"

"ማንም። ራሱ ይታረሳል።"

"ዝናቡስ?"

"ዝናብ አያስፈልገውም።"

ትንሽ አሰቡና "ሸጋ አገር ነው" አሉ።

የገዛሁላቸው ስልክ ነበራቸው፤ እሱ ላይ በእኛው ጥግ አንዲት ከተማ ከፈትኩላቸው። ኢሜይል ስለሌላቸው በእኔው ከፈትኩት። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ሥዕሉን ነው የሚያዩት። በወጣትነታቸው ገበጣ ላይ የሚደፍራቸው አልነበረም፤ ጠጠር ቆጥረው ነው ያደጉት፤ ስለዚህ የጌሙ ሒሳብ ከእኔ ቀድሞ ገባቸው። አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተስማማንም። ወታደር አላሠለጥንም አሉ። "ወታደር ምን ያደርግልኛል? እህል ይበላል እንጂ።" ከተማቸው ከዳር እስከ ዳር እርሻና ጎተራ ሆነች። የማክሰኝቱ ነጋዴ ሲዘርፋቸው "ተርቦ ይሆናል፣ ይብላው" ብለው እንደገና ይሞሉታል።

አገራቸው በተመለሱ ማግስት ማለዳ፣ ስልኬን ስከፍት ከአባቴ ከተማ ወደ እኔ ከተማ ስንዴ መጥቷል። በሁለተኛውም ቀን። በሦስተኛውም። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል።

"ደረሰ?"

"ደርሷል፣ አባየ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"መንገድ ላይ አልዘረፉትም?"

ይህን ጊዜ ስንዴውን የሚያመጡት ጋሪዎች በካርታው ላይ በየት በኩል እንደመጡ፣ ማን ከተማ አጠገብ እንዳለፉ እያነሳን እናወራለን። ከጋሪው ወደ እውነተኛው ዝናብ፣ ከዝናቡ ወደ እኩል አራሹ፣ ከእኩል አራሹ ወደ ጉልበታቸው እንሄዳለን። ፋርማሲውን እየከፈትኩ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ ነው የምሰማቸው። ጆንያው ተመልሶልኝ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሕጉ ትዝ ያላለኝም ለዚህ ነው።

የማክሰኝቱን ነጋዴ ግን ትዝ አለው። አንድ ቀን እኔ ስለ ሕግ ማክበር ግሩፑ ላይ ረጅም ተግሣጽ ጽፌ ስጨርስ፣ እሱ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ "ወታደር የሌላት ከተማ። ሁሉ እርሻ፣ ሁሉ ጎተራ። በየማለዳው ስንዴዋ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። ይህች ከተማ ሌላ ሰው የላትም ጎበዝ፤ የከፈተቻት ዳኛዋ ራሷ ናት!" ዲያቆኑም በሐዘን ድምፅ አንድ ነገር ጨመረበት። ሁለቱ ከተሞች በጥምቀት ሰሞን በአንድ ኢሜይል፣ ከአንድ ቤት መስመር ይከፈቱ እንደነበር ጌሙ ራሱ ለሰብሳቢው ምልክት አሳይቶት ነበር።

ደሜ ፈላ። "አባቴ ናቸው!" ብዬ ጻፍኩ። ነጋዴው "አባትሽ ኢሜይልሽን ወርሰው ነው?" አለኝ። ከሁሉ የሚያናድደው፣ እኔ እሱን ብሆን ኖሮ ልክ እንዲያው ነበር የምለው።

ዲያቆኑ ለብቻዬ ደወለልኝ። "እህቴ፣ ሰውየው አባትሽ መሆናቸውን እኔ አምናለሁ። ነገር ግን መቀለብ መቀለብ ነው። እስከ እሑድ ስንዴው ይቁም፤ ያለዚያ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።" አባቴ ከወጡ ምን እንደሚከተል ታየኝ። ወታደር የሌላት ያቺ ከተማ አንድ ቀን አታድርም። የጠዋቱ ስልክም ወደ "ደኅና ነሽ፣ በይ" ይመለሳል። ስንዴውን ያቁሙ እንዳልል ደግሞ፣ አባትን "እህልህን አትላክልኝ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያደግኩበት አገር ሰው ያውቀዋል። አንዴ ያን ቃል ከጉልበታቸው ሰምተውታል። ከእኔ አፍ እንዲሰሙት አልፈለግኩም።

ቢሆንም ሞከርኩ።

"አባየ፣ ያ ስንዴ..."

"አልደረሰሽም?"

"ደርሷል።"

"አነሰ?"

"ኧረ አላነሰም፣ እንዲያውም..."

"አውቄያለሁ፣ ሰሞኑን ቀንሼብሽ ነበር። ነገ እጨምራለሁ፣ በይ።"

በማግስቱ እጥፍ መጣ። ነጋዴው ስንዴውን የጫኑትን ጋሪዎች ከካርታው ላይ ፎቶ አንስቶ ለግሩፑ ለቀቀው፣ ከሥሩም የሚስቅ ፊት ብቻ አስቀመጠ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ፣ በግሩፑ የድምፅ ስብሰባ ተጠራ። አባቴን ያስገባኋቸው ነገሩን በግማሽ ነግሬ ነው፤ "የጌሙ ሰዎች ሊተዋወቁዎት ይፈልጋሉ" አልኳቸው። ገቡ። ስልኩን አፋቸው ውስጥ የከተቱት ይመስል ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

"እንደምን ዋላችሁ? ደኅና ናችሁ? ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው? ከብቱስ ደኅና ነው?"

ሁሉም በየተራ "ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እስኪል ብዙ ቆየ። ነጋዴው ከማክሰኝት ነኝ ሲላቸው "አሃ፣ በሬ ነው የምትነግድ? ዘንድሮ በሬው እንዴት ነው?" አሉት። እሱም ከሳሽነቱን ረስቶ ስለ በሬ ጥርስና ስለ በሬ ሻኛ ሊያወራ ጀመረ። ዲያቆኑ ጉሮሮውን ባይጠርግ ኖሮ ችሎቱ የከብት ገበያ ሆኖ ይመሽ ነበር።

"አባታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ሕጋችን አንዱ ከተማ ሌላውን እንዲቀልብ አይፈቅድም። እህል የተቀበለ ልኩን መመለስ አለበት። እርስዎ ግን ይልካሉ እንጂ አይቀበሉም።"

አባቴ ቀስ ብለው "ልጄ ስንዴ እንድትመልስልኝ ነው የምትሉ?" አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ነገር አላስቀምጠኝ አለ። ብድግ ብዬ ያፈላኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ዳኝነቱንም ሕጉንም ይውሰዱት አልኩ፣ እኔ እወጣለሁ አልኩ፣ ደግሞ ሁለት አያት የቀበረ ሰው በእኔ አባት ላይ አፉን ሊከፍት አይገባም አልኩ። ነጋዴው "አንዷ በእናቴ ናቸው ብያለሁ" ሲል፣ አባቴ አቋረጡን።

"ዝም በይ አንቺ። ይህን ሕግ ማን አወጣው?"

"እኔ።"

"ለምን አወጣሽው?"

ስለ ተማሪው፣ ስለ አምስቱ ከተሞች ነገርኳቸው።

"እንግዲያ ሸጋ ሕግ ነው። ምነው ልታፈርሽው ትሮጫለሽ? የአባትሽ ጊዜ ሲሆን የሚፈርስ ከሆነ ቀድሞስ ለምን ጻፍሽው?"

በእኔ ላይ እንደዚያ የተናገረ ሰው ግሩፑ ሰምቶ አያውቅም፤ ግማሾቹ እንደተደሰቱ ይታወቀኝ ነበር። አባቴ ወደ ዲያቆኑ ዞሩ።

"አንድ ልጠይቅህ፣ ልጄ። እህሉ ከእኔ ጎተራ ወጥቶ ሲሄድ ነው ሕጋችሁ የሚከለክል?"

"አዎን፣ አባታችን።"

"ከጎተራዬ ሳይወጣ፣ እዚሁ ቤቴ ቢበላስ?"

ዲያቆኑ አሰበ። "ዘብ ከሆነ የተፈቀደ ነው። ዘብ የባለቤቱን እህል ይበላል። ግን እርስዎ ወታደር አይወዱም ሲባል ሰምቻለሁ።"

"የሰው ወታደር አልወድም። የልጄን ትላክልኝ። ሁሉንም። እዚህ እየመጡ ይብሉ።"

መጀመሪያ የተናገረው ነጋዴው ነው። "አያ፣ ይህን ነገር ቀድመው ቢነግሩን ከሳሽም አልሆን ነበር" አለ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ዲያቆኑ ክሱ መዘጋቱን በግእዝ ተናግሮ፣ የሚገባው ሰው እንደሌለ ሲያውቅ በአማርኛ ደገመው። የመጣልኝን ስንዴም በዚያው ሳምንት እንድመልስ ፈረደብኝ። መለስኩ፤ አባቴም "ለወታደሮችሽ ይሆናል" ብለው ተቀበሉት።

እኔ ወታደሮቼን ሁሉ ሰደድኩ። ፈረሰኛውን፣ ቀስተኛውን፣ በር ጠባቂዎቼን ሳይቀር። ተሰልፈው ወደ ድብ ባሕሯ ከተማ ሲጓዙ በስክሪኑ ላይ አያለሁ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስለነበር ግን ብዙም አልታዩኝም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"ደረሱ" አሉ አባቴ። "ደክሟቸዋል። በልተዋል።"

"ጎተራዎ ጎደለ?"

"ጎደለ እንጂ! ወታደር አይደሉ? ሌሊቱን ሲበሉ ነው ያደሩት።" እንዲህ ደስ ብሏቸው ከሰማኋቸው ስንት ጊዜዬ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ተነሳ፣ ስለ እኩል አራሹ ተነሳ፣ ወሬው አለቀ። "በይ" እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም። እስትንፋሳቸው ብቻ ይሰማኛል።

"አባየ" አልኩ፣ "እኔም ልምጣ?"

"ምነው" አሉ፣ "ለዚህም ሕግ እስኪወጣ ነው የምትጠብቂው?"

ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። ወለቃን አልፈን፣ ዳገቱን ጨርሰን፣ ብርዱ በመስኮቱ መግባት ሲጀምር ስልኬ ነዘረ። የማክሰኝቱ ነጋዴ ነው። ከተማዬ ዘብ እንደሌላት አይቶ ሙሉ ጦሩን አስከትሎ ገብቷል። ጎተራዬን ጠርጎ፣ በባዶው ቅጥሬ ላይ "ሰላም በይልኝ ለአያ" የሚል መልእክት ትቶልኛል። አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ። ጎረቤት እንጀራ አስጋግረው፣ ወጡ ቀርቦ ክዳኑ አልተነሳም። ገና ሳልቀመጥ ስለ ዘረፋው ነገርኳቸው፤ ለሳቅ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ተቆጡ።

"ሰው አባቱን ሊጠይቅ መንገድ ላይ እያለ? ይህን የሚከለክል ሕግ የላችሁም?"

"የለንም፣ አባየ።"

"እንግዲያ አውጪ" አሉ፣ ክዳኑን አንስተው መሶቡን ወደ እኔ እየገፉ። "መጀመሪያ ግን ብይ።"